የጾም ግራሶ

ኅዳር 17፣ ማታ

ዛሬም መኪናዋ ወደ ቀኝ ሳበችኝ። ጋሸና ደርሼ የፊት ቀኝ ቸርኬዋን በእጄ ጀርባ ብነካው አቃጠለኝ። የግራው ለብ ከማለት አላለፈም። አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሾፌር፤ ታዲያ አንዱ ጎማ ለብቻው ምን ሆኖ ነው የሚቃጠለው?

ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳት። ማስታወሻዬ፣ አንድ ነገር ልብ በል። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። የሚስቴ አክስት ናት፤ የሚኒባሷ ባለቤት ናት፤ ገበያው ዳር ያለው ትልቁ ሱቅም የእሷ ነው። እዚህ ግን የሚሰማኝ ስለሌለ “እሷ” ናት። ከዛሬ ጀምሮ እንዲያውም እ.ዘ. ብቻ ናት፤ ስሟን ሙሉውን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

መልሷ ምን ሆነ? እግርህ ከባድ ነው። ፍሬን ላይ ትተኛለህ። ይሄን ያለችኝ ሱቁ ውስጥ፣ ስኳር የሚያስመዝነው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እየሰማ ነው።

እኔ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በማርሽ ይዤ የምወርድ እኔ። የፍሬን ሸራው በቅርብ የተቀየረ ነው፤ የውስጠኛው አልቆ ብረት ሊነካ ነው፣ የውጨኛው ገና አዲስ ነው። የእግሬ ክብደት ቢሆን ሁለቱም እኩል ባላለቁ? ቆሽቴ አረረ። ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የሾፌር ስሙ እግሩ ነው።

ደግሞ የገና በዓል እየመጣ ነው። ነጭ የለበሱ እናቶችና ሽማግሌዎች በዚህች መኪና ቁልቁል ሊወርዱ ነው። አንድ ቀን እነሱን ይዤ ገደል ብገባ “እግሩ ከባድ ነበር” ተብዬ ልቀበር ነው። አሳረፈችኝ።

ኅዳር 19፣ ማታ

አያሌው ጋራዥ ዋልኩ። አያሌው መካኒክ ነው፤ አበልጄም ነው፣ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። አበልጅ አይሰደብም። ስለዚህ እዚህ እሰድበዋለሁ።

ጎማው ወለቀ፣ ካሊፐሩ ተፈታ። ካሊፐር ማለት ሸራዎቹን አቅፎ የያዘው ብረት ነው፤ ሁለት ፒኖች ላይ ይንሸራተታል። ፍሬን ሲረገጥ ተንሸራቶ ሁለቱ ሸራዎች ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እኩል እንዲቆነጥጡት ያደርጋል፤ እግር ሲነሳ ይለቃል። ፒኑ ከያዘ ግን አይለቅም። በቃ ነገሩ ይሄው ነው፤ ምስጢር የለውም።

የታችኛው ፒን በእጅ አልወጣ አለ። በካቻቪቴ አልወጣ አለ። በመዶሻ ወጣ። ላዩ ላይ ጥቁር ግራሶ ተጋግሮበታል። ጫፉ ላይ ያለችው ላስቲክ ደግሞ አብጣ አብጣ የባቄላ ንፍሮ መስላለች።

ባለፈው ሸራ ስትቀይር ምን ቀባኸው አልኩት። የኩሽኔታ ግራሶ አለኝ፤ ያው ጎማው መሐል የሚገባውን። ለምን ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። “ግራሶ ያው ግራሶ ነው።”

ደሜ ፈላ። ያው አይደለም። ደሴ ጭነት መኪና ስነዳ ላስቲክ ቀለበት እንዲህ ዓይነት ግራሶ ውስጥ ጥለን አይተናል፤ ሰንብቶ ሲወጣ ወፍሮ ወደ ቦታው አልመለስ ብሏል። ከነዳጅ የተሠራ ግራሶ የፒን ላስቲክ ይጎዳል። ላስቲኳ ስታብጥ ፒኑን አንቃ ትይዛለች። ለዚህ ቦታ የሚሆነው ሲሊኮን የሚባለው ነው፤ የፍሬን ሙቀት የሚችል፣ ውኃ የማያጥበው፣ ላስቲክ የማይነካ። ይሄን ሁሉ አስረዳሁ። ጋራዡ ሥራ ፈት ሞልቶበታል፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየኛል፣ ለአንዱም አልገባውም።

እንዲገባቸው ብዬ እንዲህ አልኩ። ይሄ ጥቁሩ የፍስክ ግራሶ ነው፤ ላስቲክ ይበላል። እኛ የምንፈልገው የጾም ግራሶ ነው፤ ላስቲክ አይነካም።

ጾሙ ከገባ ገና ቀናት ቢሆነው ነው። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። አያሌውም ሳቀ፣ እኔም ንዴቴ በረደ። ማታ ሚስቴ ቀልዱን ከጎረቤት ሰምታ መጣች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ጥሩ ነገር ከአፌ ወጣ አልኩ።

ኅዳር 21

ከተማውን ዞርኩት። የመለዋወጫ ሱቅ ተብዬዎች!

አንዱ ቫዝሊን አለኝ። ለከንፈር አይደለም የምፈልገው ብዬው ወጣሁ። ሌላው መዳብ የመሰለ ቅባት አወጣ። ይሄ ለሸራ ጀርባ ነው፣ ለፒን አይሆንም ስለው ቆርቆሮው ላይ ያለውን የእሳት ሥዕል በጣቱ እየጠቆመ ሙቀት ይችላል ይለኛል። ክብሪት ላይም የእሳት ሥዕል አለ። ሦስተኛው የሚረጭ ነገር ሰጠኝ፤ የበር ማጠፊያ ማለስለሻ። ሁሉም ይምላሉ። በጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በላሊበላ ስም ይምላሉ።

ደሴ ለሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነገርኩት። ሲሊኮን፣ የፍሬን ፒን፣ ሲሊኮን፣ የፍሬን ፒን እያልኩ እንደ ዳዊት አስደገምኩት። ጭነት ሲያገኝ ይመለሳል፤ መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

እስከዚያ መኪናዋ ትቁም አልኩ። እ.ዘ. ዓይኗ ፈጠጠ። ለጣት ለማትሞላ ብረት መኪና አይቆምም አለች። አባቷ የቀንበሩን ጠፍር በሞራ ነበር የሚያለሰልሱት፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ አንድ ቀን ደሴ ሰው ልከው አያውቁም። አዎ እትዬ አልኩ። በሬ ፍሬን የለውም ልል ነበር፤ ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 25፣ ጠዋት

ከገነተ ማርያም ተመለስኩ። የሚስቴ አጎት ተዝካር ነበር፤ ሁለት ቀን ቆየን።

ስመለስ መኪናዋ ተሠርታለች። አያሌው ነው የሠራት። የጾም ግራሶው ተገኘ አለኝ፤ እ.ዘ. ራሷ ናት ያመጣችው። ከየት አልኩ። ከሱቅ። ቀለሙስ? ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ። ልክ ነው፤ ሲሊኮን እንደዚያ ነው። አይ እኔ፤ ሰው ስጠረጥር። ያን ያህል ያማኋት ሴት ራሷ ፈልጋ አገኘችው። አበልጄም ላስቲኮቹን ቀይሮ፣ ፒኑን ወልውሎ ነው የገጠመው።

ይቅር በሉኝ። ሁለታችሁም። እዚህ ላይ ነው የምለው እንጂ በአፌማ አልልም።

ኅዳር 28

ጋሸና ደርሼ መጣሁ። አትስብም። ቸርኬው ሞቅ ብሏል፣ ከበፊቱ ግን ይሻላል። እ.ዘ. ቃል በቃል “ግራሶ ይሄን ያህል ከሆነ እግርህም ቀለለ ማለት ነው” አለችኝ። ንክሻዋ አይቀርም። ሳቅሁላት።

ታኅሣሥ 2፣ ከሰዓት በኋላ፣ መንገድ ዳር

ሁሉም ተርፏል። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ። ሰው ሁሉ ተርፏል።

ከጋሸና ሞልቼ ተነሳሁ። ከኋላዬ አባ ገብረ መድኅን ተቀምጠዋል፤ እዚሁ ላሊበላ የሚያገለግሉ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ሽማግሌ ቄስ። ቁልቁለቱ እንደጀመረ መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ መኪናዋን ሞላት። ቅቤ ሲነጠር የሚሸት ሽታ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በነቢያት ጾም ማነው ቅቤ የሚያነጥረው አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ስንቅ ተፈተሸ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽምብራ። መጨረሻ ወንበር ላይ አንዲት የገጠር እናት አገኙ። እግሯ ሥር ትንሽ ባልዲ፣ በኮባ የተሸፈነ ቅቤ። ላሊበላ ልጇ ወልዳለች፤ ለአራስ ልጇ ነው የምትወስደው። አራስ አትጾምም፤ ይሄን የማያውቅ ሰው መኪናው ውስጥ አልነበረም። ግን ሽታው አለ፣ ቅቤው አለ፣ ሰው ተቆጥቷል። ሴትዮዋ ቅቤዬ አልቀለጠም፣ እዩት አለች። ማንም አላየላትም።

እኔስ ምን አደረግሁ? አቆምኩና ባልዲውን ከእጇ ተቀብዬ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቼ አሰርኩት። ነገሩ እንዲበርድ ብዬ። ሳላይላት።

ቅቤው ጣራ ላይ ወጣ። ሽታው ግን ውስጥ ቀረ። እንዲያውም ባሰበት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሽታው ከኋላ ሳይሆን ከቀኝ እግሬ በኩል ነው የሚመጣው። ኩርባው ላይ ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናዋ ወደ ግራ ዘለለች። ግራው ገደል ነው። የቀኙ ጎማ ጭራሽ አልያዘም። ማርሽ ቀነስኩ፣ እጅ ፍሬን ሳብኩ፣ አፍንጫዋን ወደ ቀኙ ግድግዳ አዞርኳት። አፈሩ ያዛት። ቆመች። በላያችን አንድ ነገር ተንኳኳና ወረደ፤ የሴትዮዋ ባልዲ ነበር፤ ገመዱ ተበጥሶ ገደል ገባ።

ወርጄ ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። ጭስ። በካሊፐሩ ላይ ቢጫ ነገር ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ዲስኩ ላይ፣ ሸራው ላይ። ነካሁት፣ አሸተትኩት። አባም አጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉ። ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ጾም ከገባ ጀምሮ ሚስቴ በየቀኑ ሽሮ የምትሠራበት ነው።

የጾም ቅቤ። የሱቅ። ፍሬኔ የጾም ቅቤ ነው የተቀባው።

ሴትዮዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ሌላ መኪና መጥቶ ይዟት ሄደ።

ያው ቀን፣ ማታ

ሁለቱንም አንድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሱቁ ውስጥ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሰው ልትገድሉ ነበር አልኩ። እ.ዘ. ምን አጠፋሁ አለች፤ ከልቧ ነው። አያሌው መጥቶ የጾም ግራሶ ከጠፋ ሾፌሩ መኪናዋን አይነዳም አላት። ግራሶ ቅባት ነው፤ የጾም የሚባለው ቅባት ደግሞ እሷ ሱቅ በኪሎ ይመዘናል። ለአንድ ወጥ የሚበቃ ጨለፍ አድርጋ በፌስታል ሰጠችው። ከምርጡ ነው አለችኝ።

አያሌው ደግሞ ሲሊኮን ዓይቼ አላውቅም ይላል። ነጭ ነው ብለሃል፣ የጾም ነው ብለሃል። ነጭ የጾም ነገር መጣልኝ፣ ቀባሁ። የደጋ ጠዋት ነው፤ ደርቋል፣ አይሸትም።

ደንቆሮ ልለው አፌን ከፈትኩ። የጾም ግራሶ የሚለውን ስም ማን አወጣው? አለኝ።

ማን አወጣው። ቃሉ የእኔ ነው። ሲሊኮን የሚል ስም እያለው፣ ስቀው እንዲያደንቁኝ ብዬ በሌላ ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ቃል ግን አፋፉን አልፎ መንገደኛ ይዞ ገደል ሊገባ ነበር። እንዲህም ሆኖ ንዴቴ አልበረደም። ለፍሬን ይሁን ለወጥ ሳይጠይቁ የሚሰጡ፣ ሳያሸቱ የሚቀቡ ሰዎች ላይ አሁንም እናደዳለሁ። አሁን ግን የምናደድባቸው ሦስት ሆነናል።

ታኅሣሥ 4

ከተማው ሰማ። ፍሬንህ ስንት ሰዓት ይገድፋል ይሉኛል። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ይሉኛል። አንዱ የኑግ ልጥልጥ ሞክር አለኝ። ይሳቁ። ሲስቁ ያችን ባልዲ አላዩም።

እ.ዘ. ነገ ጋሸና ሰው ይጠብቃል አለች። ያ ቅቤ ይታጠብ፣ ጥቁሩ ግራሶ ይቀባ፣ ገና እስኪያልፍ ይሂድ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ። እምቢ ካልክ ቁልፉን አምጣ፤ ሾፌር ሞልቷል።

ቁልፉን ሰጠኋት። ከዚያ መኪናዋ ተጎትታ የገባችበት ጋራዥ ሄድኩና ፒኗን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሾፌር ይሙላ። ያለ ፒን ይንዷት።

ታኅሣሥ 6

ሽማግሌ ላከችብኝ። ማስታወሻዬ፣ ትሰማለህ? ለጋብቻ የሚላክ፣ ለደም የሚላክ ሽማግሌ፣ ጣት ለማታህል ብረት ተላከ። ሚስቴ አፍራ ጓዳ ገባች።

መጡ፣ ተቀመጡ፣ ተናገሩ። አክስት እናት ናት፤ ንብረት ይዞ መቀመጥ ነውር ነው፤ የገና እንግዳ መንገድ ላይ ቀረ። ልክ ናቸው ሁሉም። ከመሐላቸው አንዱ አባ ገብረ መድኅን ናቸው።

በመጨረሻ አባ ብረቱን አሳየኝ አሉ። ከኪሴ አወጣሁ። ተቀብለው አሸተቱት። አስታጠብኩት እንጂ ሽታው አሁንም አለበት። ለሌሎቹ አሳለፉላቸው፤ እነሱም ተራ በተራ አሸተቱ። ትልልቅ ሰዎች፣ ፒን ሲያሸቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ከዚያ አባ ኩርባው ላይ የሆነውን ተረኩ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ስትዘል ምን እንዳሉ፣ ጸሎታቸው የት ላይ እንደተቋረጠ። ፒኗን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡና “እንግዲያው እውነተኛው ግራሶ እስኪመጣ መኪናዋም ትጹማ” አሉ።

አለቀ። ማንም አልተከራከረም። ሲወጡ ግን በር ላይ ቆዩና የዚያች ሴት ነገር አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጣቴን የቀሰርኩባት እኔ ነኝ፣ ባልዲውን የነጠቅሃት አንተ ነህ። የአራሷ ቤት የትኛው ሰፈር እንደሆነ ጠይቀው ኖሯል፤ ነገሩኝ።

ታኅሣሥ 13

አይሱዙው መጣ። ግራሶው ጣት የማትሞላ ቱቦ ናት። አያሌው አገላብጦ አይቶ ለዚህች ነው ያ ሁሉ አለ። ለዚህች ነው።

አብረን ሠራን። ያለቀውን ሸራ በአዲስ ቀየርን፣ ዲስኩን አጠብን፣ የፒኖቹን ቤት በጨርቅ ጠራረግን፣ አዲስ ላስቲክ አስገባን። ስስ አድርጎ ቀባ፤ በጣት ሲገፋ ፒኑ ይገባል፣ ሲለቀቅ በቀስታ ይመለሳል። ደጋግሞ ገፋው፣ እንደ ሕፃን። ይሄ ነገር ስሙ ማን ነበር አለኝ ድንገት። ቀልድ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

ሲሊኮን አልኩት። ሲሊኮን ግራሶ። የፍሬን ፒን ግራሶ። ሌላ ስም የለውም።

ታኅሣሥ 14፣ ከሰዓት

ጋሸና ደርሰን ተመለስን። ደርሰን የምለው እትዬ ዘውዴ አብረውኝ ሄደው ነው። ጠዋት ሳላስብ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። እግርህን ልየው አሉኝ።

ጋሸና ገበያ ቅቤ ገዛሁ፣ የላም፣ ለጋ፣ በባልዲ። ፖርቶ መጋላ ላይ አላወጣሁትም። የት ላስቀምጠው ብዬ ስዞር እትዬ ዘውዴ እጃቸውን ዘረጉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁም። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ነጠላቸውን አለበሱት።

ቁልቁለቱን ወረድን። እሳቸው መንገዱን አላዩም፤ እግሬን ነው የሚያዩት። ኩርባው ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዝኩ። አልዘለለችም፣ አልሳበችም። ቀጥ ብላ ዝግ አለች። እትዬ ዘውዴ ተነፈሱ። ያን ጊዜ ከኋላ አንዱ መንገደኛ ቅቤ ይሸታል፣ በጾም የማነው ብሎ ተቆጣ።

የኔ ነው አልኩ። እውነተኛ ቅቤ ነው አልኩ። እትዬ ዘውዴ ሳይዞሩ የአራስ ነው፣ ዝም በል አሉት።

ላሊበላ ስንደርስ ወርጄ ቸርኬውን በእጄ ጀርባ ነካሁ። ለብ። እሳቸውም ወረዱ፤ ባልዲውን አንጠልጥለው ጎንበስ አሉና ነኩት። ከዚያ የግራውን ሄደው ነኩ። ተመለሱና እንደገና የቀኙን። እግርህ ደህና ነው አሉኝ። ባልዲውን ሰጥተውኝ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

አሁን የአራሷ ሰፈር መግቢያ ላይ አቁሜያለሁ። ባልዲው አጠገቤ ነው። እናትየዋ በሩን ከከፈተች ምን እንደምላት እያሰብኩ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ቀልድም አልናገርም። ይሄ ቅቤ ነው እላታለሁ፣ የላም ቅቤ ነው፣ የዛን ቀን የሸተተው ያንቺ አልነበረም፣ የኔ ነበር።